ናቫስ ዕድለኛ ነበር ወይስ ትልቅ ተጫዋች?

ጥያቄው፦ «ሰላም ኮች። እኔና የሰፈሬ ልጆች የማንችስተር ሲቲ ደጋፊዎች ነን። ሄሱስ ናቫስን ያወቅነው ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን ነው። ይሮጣል፣ ያሻግራል፣ ጎል የለም። ሲቲ በቆየባቸው አራት የውድድር ዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ ያገባው 4 ጎል ብቻ ነው። ሰሞኑን አንዱ ጓደኛችን ስፔን ውስጥ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም እንዳለ ነገረንና ክርክር ተነሳ። ሰውዬው እውነት ትልቅ ተጫዋች ነበር ወይስ ጥሩ ቡድን ውስጥ የተገኘ ዕድለኛ? ደግሞስ አሁን እንደሱ የሚጫወት ማን አለ?»

ሰላም ወንድሜ። ቁጥርህ ልክ ነው። እንዲያውም ላክፋብህ፤ አራቱም ጎሎች የገቡት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ በሊጉ አንድም አላገባም። የጓደኛህም ወሬ ልክ ነው። በስፔኑ ክለቡ በሲቪያ የልምምድ ማዕከል ውስጥ ያለው፣ ሁለተኛው ቡድን የሚጫወትበት ሜዳ ስሙ ሄሱስ ናቫስ ይባላል። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። እንዲህ ዓይነቱን የመስመር ተጫዋች በጎል መመዘን ግን አይሆንም። የናቫስን ሥራ የሚያሳየው ከጎሉ በፊት ያለችው ኳስ ናት። እስቲ በእሷ እንቁጠር። (ቀኖቹም ዓመተ ምህረቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ2006 እንጀምር። ሲቪያ ያኔ ዛሬ የምታውቀው ሲቪያ አልነበረም። የመጨረሻውን ትልቅ ዋንጫ ያነሳው በ1948 ነው። ሚያዝያ 27 ቀን በዩኤፋ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ከሻልከ 04 ጋር ተገናኘ። በድምር 0 ለ 0፣ ጭማሪ ሰዓት ተገባ። በ100ኛው ደቂቃ ከቀኝ መስመር ኳስ ተሻገረች። አንቶኒዮ ፑዌርታ በግራ እግሩ ሳያሳርፋት መታት፤ ገባች። ሲቪያ ከተማ ውስጥ ስለዚህች ጎል የማያውቅ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የክለቡ ዘመን የተከፈለው በእሷ ነው። አሻጋሪው የ20 ዓመቱ ናቫስ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አይንድሆቨን ላይ ሚድልስብሮን 4 ለ 0 ረቱና ዋንጫው መጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ግላስጎ ላይ ሌላ ፍጻሜ፣ ከኤስፓኞል ጋር። እንደገና ጭማሪ ሰዓት። ናቫስ ከቀኝ አሻገረ፣ አጥቂው ካኑቴ አገባ። ኤስፓኞሎች አቻ አድርገው ወደ መለያ ምት ሄዱ፤ ግብ ጠባቂው ፓሎፕ ሦስት አዳነና ዋንጫው በድጋሚ የሲቪያ ሆነ።

አሁን 13 ዓመት ዝለል። ነሐሴ 2020፣ ኮሎኝ፣ ኮቪድ ባዶ ያደረገው ስታዲየም። በዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር 1 ለ 1 ናቸው። በ78ኛው ደቂቃ ናቫስ አሻገረ፣ ሉክ ዴ ዮንግ አገባ። በፍጻሜው ኢንተር ቀድሞ አስቆጠረ። ናቫስ አሻገረ፣ ያው ዴ ዮንግ በቴስታ አቻ አደረገ። ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀና አምበሉ ናቫስ ዋንጫውን አነሳ። በ2023 ደግሞ ቡዳፔስት ላይ ሮማ 1 ለ 0 እየመራ ነው። ናቫስ አሻገረ፤ የሮማው ማንቺኒ ኳሷን በራሱ ጎል ላይ ከተታት። በመለያ ምት ሲቪያ አሸነፈ። ዕድሜው 37 ነበር።

አራት የአውሮፓ ዋንጫ፣ በአራቱም መንገድ ላይ ከዚያው መስመር ያው እግር ያሻገራት ኳስ አለች። በመጀመሪያዋና በመጨረሻዋ መካከል 17 ዓመት አለ። ለዚህ «ዕድለኛ» የሚለው ቃል አይመጥንም።

በነገራችን ላይ ሲቪያ በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ዩሮፓ ሊግን በተከታታይ ሲያነሳ ናቫስ ማንችስተር ነበር። ዕድለኛማ ቢሆን ኖሮ እነዚያን ሦስቱን ባላመለጡት!

አሁን ስለ አሻጋገሩ ትንሽ ልበል፤ ሥራዬም እሱ ስለሆነ። ናቫስ በቀኝ እግሩ የሚጫወት የቀኝ መስመር ተጫዋች ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቡድን ግራ እግረኛውን በቀኝ፣ ቀኝ እግረኛውን በግራ ያሰልፋል፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ገብቶ እንዲመታ። ናቫስ የሚሄደው ወደ ውጭ ነው፤ ወደ መስመሩ ጫፍ። ተከላካዩም፣ ደጋፊውም፣ ቴሌቪዥን የሚያየውም ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እያወቁትም ያልፋቸዋል። ወጣት የመስመር ተጫዋቾች ይህን ሲያዩ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ተከላካዩን ሙሉ በሙሉ ካላለፉ ማሻገር የማይቻል ይመስላቸዋል። አብዶ ይሠራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግመው አብዶ ይሠራሉ፤ እስከዚያ ሳጥኑ በተከላካይ ይሞላል። ናቫስ የሚፈልገው ግማሽ ሜትር ነው። ኳሷን ወደፊት ገፋ ያደርጋትና የተከላካዩ እግር ሳይዘረጋ ይልካታል። የምትሄደውም በግብ ጠባቂውና በተከላካዮቹ መካከል ወዳለችው ክፍተት ነው። ግብ ጠባቂው ልውጣ አልውጣ ሲል፣ ተከላካዩ ፊቱን ወደ ራሱ ጎል አዙሮ ሲሮጥ። የማንቺኒ ስህተት ከዚያ ዓይነቱ ቦታ የሚመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሳጥን ውስጥ ተቀባይ ይፈልጋል። ሲቪያ ካኑቴና ሉዊስ ፋቢያኖ ነበሩት። በኋላ ዴ ዮንግ መጣ። በእነ ካኑቴ ጊዜ ከናቫስ ጀርባ ደግሞ ዳኒ አልቬስ ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ተከላካዩ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። የዚያን ጊዜውን የሲቪያ ቀኝ መስመር ያህል የተመቸኝ ጥንድ ብዙ አላየሁም።

እዚህ ጋ ወደ እናንተ ሲቲ እንመለስ። በ2013 ክረምት ናቫስና አልቫሮ ኔግሬዶ ሁለቱም ከሲቪያ ወደ ማንችስተር ሄዱ። ኔግሬዶ የናቫስን ኳስ ለዓመታት የለመደ የሳጥን አጥቂ ነው። ኤዲን ጄኮም ነበር። ያ ዓመት በአሰልጣኝ ፔሌግሪኒ ሥር ሲቲ በሊጉ 102 ጎል አግብቶ ሻምፒዮን የሆነበት ነው። ናቫስም ቶተንሃም ላይ በ14ኛው ሰከንድ ያገባት ጎል ትዝ ትልሃለች ብዬ እገምታለሁ፤ ጨዋታው 6 ለ 0 ያለቀው። በሊግ ካፕ ፍጻሜም ሰንደርላንድ ላይ ሦስተኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ከዚያ ኔግሬዶ በ2014 ሄደ። ጄኮ በ2015 ሄደ። ሳጥን ውስጥ የቀረው አጉዌሮ ነው። አጉዌሮ ታላቅ አጥቂ ነው፣ ግን ቁመቱ አጭር ነው፤ ኳስ የሚፈልገውም በእግሩ፣ በአጭር ቅብብል ነው። በዚያ ላይ ተጋጣሚዎች ሲቲን ሲገጥሙ አስር ሰው ሆነው ሳጥናቸው ደጃፍ ይቆማሉ። ዴቪድ ሲልቫና ናስሪ ወደ መሃል ይጠጋሉ። ናቫስ ብቻውን መስመሩ ላይ ይቀራል። ሥራው ሜዳውን ማስፋት ነው፤ ተከላካዩን ወደ ጥግ ስቦ ለሲልቫ ቦታ መክፈት። ይህ ሥራ ቴሌቪዥን ላይ አይታይም። የሚታየው ባዶ ሳጥን ውስጥ የወደቀችው ኳስ ናት። እናንተም ዲኤስቲቪ ቤት የተናደዳችሁት በእሷ ነው፣ አልፈርድባችሁም።

ደግሞ ሁሉንም በሌላ ሰው አላሳብብም። ጎል ፊት ሲደርስ ይረበሻል። በግራ እግሩ እምብዛም አይጠቀምም። ከሳጥን ውጭ አክርሮ መምታት አይችልም። ብቻውን ከግብ ጠባቂ ጋር ሲገናኝ እንኳ የሚያቀብለው ሰው ይፈልጋል። በሲቲ በሁሉም ውድድር 183 ጨዋታ 8 ጎል፤ ለአጥቂ መስመር ሰው ትንሽ ነው። የስፔን ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። ትልቅ ነበር ስል ጉድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም።

ግን ማንችስተር መሄዱ ራሱ ምን ያህል ነገር እንደነበር ላስረዳህ። ናቫስ የተወለደው በ1985 ከሲቪያ ከተማ በስተደቡብ ባለችው ሎስ ፓላሲዮስ ነው። በቲማቲሟ የምትታወቅ የገበሬ ከተማ ናት። ፋቢያን ሩዊዝና ጋቪም የዚያችው ከተማ ልጆች ናቸው፤ ውሃዋ ውስጥ ምን እንዳለ እንጃ። ልጁ ከ18ኛ ልደቱ ሁለት ቀን በኋላ፣ በኅዳር 2003፣ በአሰልጣኝ ካፓሮስ ሥር ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ፈጣን ነበር፣ ሁሉም ስለሱ ያወራል። ነገር ግን ከቤቱ ሲርቅ ይታመማል። ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ የጭንቀት ሕመም ነው። ደረቱን ይጨንቀዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ከስፔን ወጣት ብሔራዊ ቡድን ካምፕ አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመልሷል። በዚያ ዘመን እግር ኳስ ውስጥ ስለ አእምሮ ጤና ማንም አፉን ሞልቶ አይናገርም ነበር። «የእናቱ ልጅ» እየተባለ ሲቀለድበት ኖሯል።

በዚህ ምክንያት ስፔን በ2008 የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን እሱ የለበትም። ሕክምናውን ቀስ እያለ ተከታተለ፤ ክለቡም አላስጨነቀውም። ለብሔራዊ ቡድን እችላለሁ ብሎ የመጣው በ2009 መጨረሻ ነው። አሰልጣኙ ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ ጠሩት፣ በኅዳር ከአርጀንቲና ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። ሰርጂዮ ራሞስም ከሲቪያ ወጣት ቡድን ጀምሮ የሚያውቀው ጓደኛው ነበርና ካምፑ ውስጥ ብቻውን አልሆነም። ስምንት ወር ሳይሞላ ደቡብ አፍሪካ ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ውስጥ ነበር። ከሲቪያ ውጭ ማደር የሚያቅተው ልጅ ጆሃንስበርግ!

ያንን ፍጻሜ ደግመህ ካየህ የኢኒየስታን ጎል ብቻ አትይ። ናቫስ በ60ኛው ደቂቃ በፔድሮ ቦታ ተቀይሮ ገባ። በ116ኛው ደቂቃ ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ በቀኝ በኩል መሮጥ ጀመረ። ሆላንዶች ደክመዋል፣ እሱ ገና ትኩስ ነው። ከዚያ ሩጫ የጀመረው ቅብብል ወደ ግራ ለቶሬስ ደረሰ። ቶሬስ አሻገረ፣ ተከላካይ ቆረጣት፣ ፋብሪጋስ አገኛትና ለኢኒየስታ ሰጠው። በመዝገብ ላይ ናቫስ ለዚህች ጎል ምንም የለውም። ጎል የለም፣ አመቻችቶ ማቀበልም የለም። ሩጫው ባይኖር ግን ያ ሁሉ አይመጣም። የሰውዬውን ሙያ በአንድ ደቂቃ አሳየኝ ካልከኝ የማሳይህ ይህንን ነው። በዩሮ 2012 ደግሞ ክሮኤሺያ ላይ በ88ኛው ደቂቃ ያሸነፉባትን ብቸኛ ጎል ራሱ አግብቷል፤ ኢኒየስታ ባዶ ጎል ፊት ነው ያቀበለው። አንዳንዴ ብድር ይመለሳል።

ሁለተኛው ትልቁ ነገር ቦታ መቀየሩ ነው። የመስመር አጥቂ ሠላሳ ሲሞላው ፍጥነቱ ይቀንሳል። ብዙዎቹ እዚያ ያበቃሉ፣ ወይ ገንዘብ ወዳለበት ሊግ ይሄዳሉ። በ2016/17 ጓርዲዮላ ሲቲን ሲይዝ የመስመር ተከላካዮቹ ሁሉ ያረጁ ነበሩ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ናቫስን የቀኝ ተመላላሽ አድርጎ አጫወተው። ያኔ የቸገረው እርጉዝ ያገባል የሚባለው ዓይነት ነገር መስሎን ነበር። ኮንትራቱ አልቆ በነጻ ዝውውር ወደ ሲቪያ ሲመለስ ግን ያች ሙከራ ሁለተኛ ሕይወት ሆነችለት። ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ወረደ። በአሰልጣኝ ሎፔቴጊ ዘመን የለየለት የቀኝ ተመላላሽ ሆነ፤ ከፊቱ ኦካምፖስ ወደ ውስጥ ይገባለታል፣ እሱ በውጭ ይሮጣል።

ለምን ተሳካለት? እንደ እኔ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ድሮም ወደ ኋላ የሚመለስ ተጫዋች ነበር፤ መከላከል አዲስ ነገር አልሆነበትም። ሁለተኛው የበለጠ ይገርመኛል። የመስመር አጥቂ ሲሆን ኳስ የሚቀበለው ቆሞ ነው፣ ተከላካዩ ፊቱ ተደቅኖ። ተመላላሽ ሲሆን ግን ከኋላ እየሮጠ ይደርሳል፣ ተጋጣሚው ሌላ ሰው ሲይዝ። ስለዚህ ያቺ የሚፈልጋት ግማሽ ሜትር ያለ ድካም ትገኝለታለች። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ቦታው ግን ሰፋ። እነዚያ የ2020 ኳሶች የተሻገሩት ከዚህ ነው። ዋጋም አለው፤ በአየር ላይ ኳስ ደካማ ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ገደማ ነው፣ ተጋጣሚዎች ከርቀት የሚላክ ኳስ በሱ በኩል ይጥሉ ነበር።

ስለ ማሊያውም አንድ ነገር ልበል። ያቺን የሻልከ ጎል ያገባው ፑዌርታ ነሐሴ 2007 ጨዋታ ላይ ልቡ ከድቶት ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ በ22 ዓመቱ አረፈ። ቁጥሩ 16 ነበር። ናቫስ ወደ ሲቪያ ከተመለሰ በኋላ ይህንን ቁጥር ለበሰ። ለምን በስሙ ሜዳ ተሰየመ ላልከው፣ የደጋፊው ፍቅር አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ሌላው ቁጥር ነው፤ ለሲቪያ 705 ጨዋታ ተጫውቷል። የሲቲውን 183 እና የስፔንን 56 ደምርበትና ራስህ ተመልከተው።

ያንን ሁሉ የተጫወተው ደግሞ በደህና ሰውነት አይደለም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ዳሌው እያመመው ነው የገፋው፤ ከጨዋታ ማግስት መራመድ እንደሚያቅተው ራሱ ተናግሯል። ታኅሣሥ 2024 ያቆመውም በዚሁ ሕመም ነው። የመጨረሻ ጨዋታው ከሪያል ማድሪድ ጋር በርናባው ላይ ነበር፣ ሲቪያ 4 ለ 2 ተሸነፈ።

የቀረው «አሁን እንደሱ የሚጫወት ማን አለ?» ያልከው ነው። ዩሮ 2024 ላይ የስፔንና የፈረንሳይን ግማሽ ፍጻሜ ፈልገህ እይ። ካርቫሃል ተቀጥቶ ስለነበር የ38 ዓመቱ ናቫስ በቀኝ ተመላላሽነት ጀመረ። ከ2010ሩ የዓለም ሻምፒዮን ቡድን የቀረው እሱ ብቻ ነው። ተጋጣሚው ኤምባፔ። ገና በመጀመሪያው አስር ደቂቃ ኤምባፔ በሱ በኩል አሻግሮ ኮሎ ሙዋኒ አገባ። ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ካርድ አየ። ሁላችንም አለቀለት አልን። በ58ኛው ደቂቃ ተቀይሮ እስኪወጣ ግን ሌላ ጎል በዚያ በኩል አልመጣም፣ ስፔንም 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ከዚያ ዋንጫውን ወሰደች።

በዚያ ጨዋታ ከናቫስ ፊት የተሰለፈው ላሚን ያማል ነው። ያማል ሲወለድ ናቫስ ሁለት የዩኤፋ ካፕ ነበረው። ሁለቱም የቀኝ መስመር ሰዎች ናቸው፣ ግን ተቃራኒ ናቸው። ያማል ግራ እግረኛ ነው፣ በዚያው ጨዋታ ወደ ውስጥ ቆርጦ ገብቶ ያችን ድንቅ ጎል መታ። ዘመኑ የሱ ዓይነቶቹ ነው። በገዛ እግሩ መስመር ላይ ተጫውቶ እስከ ጥግ የሚሄድ አጥቂ በትልልቅ ክለቦች እየቀነሰ ነው። ያ የማሻገር ሥራ ግን አልጠፋም፤ ወደ ተመላላሾቹ ተዛውሯል። ስለዚህ የዛሬውን ናቫስ ከፈለግህ የአጥቂዎቹን ዝርዝር ተወው። የቀኝና የግራ ተመላላሾቹን እይ፤ ከነሱም ውስጥ ቀና ብሎ ሳጥኑን አይቶ ቀድሞ የሚያሻግረውን ፈልግ። ለሰፈርህ ልጆችም በሚቀጥለው ጨዋታ ከጎል ይልቅ ይህንን እንዲቆጥሩ ንገራቸው፤ ክርክሩ ያኔ ይጣፍጣል።